የሆላንድኛ ሰዋስው ከሰላምታው ወዲያ

በትምህርት ቤታችን የቋንቋ ክበብ ውስጥ ሆላንድኛ መማር ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በነዚህ ሁለት ዓመታት የክበቡ አባሎች ሰላምታ መስጠትን፥ ስማቸውን መናገርን፥ ከአንድ እስከ መቶ መቍጠርንና ዳቦ መግዛትን ተምረዋል። አሁን የተነሣው ጥያቄ «ከዚህ በኋላስ?» የሚለው ነው። ባለፈው ወር በተደረገው ስብሰባ ላይ አብዛኞቹ ጓደኞቼ «ይህ ይበቃናል፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ቋንቋ እንጀምር» የሚል አሳብ አቀረቡ። እኔ ይህን አሳብ በመቃወም እጃቸውን ካነሡት አራት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። በስብሰባው ላይ የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለነበረ፥ ያን ዕለት ያልጨረስኩትን ነገር በዚህ መጽሔት ላይ ለመጨረስ አዘጋጆቹን ለምኜ ፈቃድ አግኝቻለሁ።

ሆላንድኛ፥ ብዙ ሰዎች «ደች» የሚሉት ቋንቋ፥ በኔዘርላንድስ፥ በቤልጂግ ሰሜናዊ ክፍል በፍላንደርስ፥ እንዲሁም በደቡብ አሜሪካ በሱሪናም ይነገራል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነላቸው ሰዎች ቍጥር ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ለአገራችንም ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ኤች ቪ ኤ የተባለው የአምስተርዳም የንግድ ኩባንያ በወንጂ ባቋቋመው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር ያመርት ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1975 ፋብሪካው በመንግሥት እስከተወረሰ ድረስ ቈይቷል። አያቴ በወጣትነታቸው በዚያ ሠርተዋል። ዛሬም ቢሆን ጧት ጧት ሲያዩኝ «ኹደ ሞርኸን!» ይሉኛል፤ ከአንድ እስከ ዐሥርም ሳይደናቀፉ ይቈጥራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እሳቸው ራሳቸው «አልፈለግሁትም» ይላሉ። ከኀምሳ ዓመት በላይ ሳይጠፋ የኖረ ሰላምታ ነው፤ ነገር ግን ሰላምታ የተቀበለው ሰው መልስ ቢሰጥና ጨዋታ ቢጀምር፥ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። የክበባችን ሆላንድኛ እንደዚህ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

ይህን የምልበት ምክንያት ከቤቴ ያየሁት ነገር ነው። ታላቅ እኅቴ ባለቤቷ በሚኖርበት በኔዘርላንድስ ለመኖር ከመሄዷ በፊት፥ የአገሩ ሕግ እንደሚያዝዘው፥ ንባብን፥ ንግግርንና ስለ አገሩ ኑሮ ዕውቀትን የሚመለከት የመጀመሪያ ፈተና ወስዳ አልፋለች። ያ ፈተና የሚጠይቀው ኤ 1 የተባለውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ደረጃ ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በተሠራበት አዲስ ሕግ መሠረት፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው እንደ ቀድሞው ኤ 2 ሳይሆን በጠቅላላው ቢ 1 የተባለውን ደረጃ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲደርስ ይጠበቃል። በኤ 1 እና በቢ 1 መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ብዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ልዩነት ሰዋስው ነው።

አንድ ማስረጃ ላቅርብ። እኅቴ ከምትኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሳት። በውስጡም እንዲህ የሚል ነበረበት፤ «ዩ ዲንት ሄት ፎርሙሊር ፎር 1 ማይ ኢን ተ ሌቨረን»። እኅቴ ትጉህ ናትና መዝገበ ቃላቱን ገለጠች። «ዲነን» ማለት «ማገልገል» ነው ይላል። «ሌቨረን» ደግሞ «ማቅረብ»። «ኢን» «ውስጥ»። እንግዲህ ስትተረጕመው «ከሜይ 1 በፊት ቅጹን ያገለግላሉ፥ ውስጥ፥ ማቅረብ» የሚል ነገር ወጣ። ደብዳቤው የሚለው ግን «ቅጹን ከሜይ 1 በፊት ማስረከብ ይኖርብዎታል» ነው። «ዲነን» ከ«ተ» ጋር ሲመጣ ግዴታን ያመለክታል፤ «ኢንሌቨረን» የሚባለው ግሥ ደግሞ «ተ» የምትባለዋን ትንሽ ቃል በሆዱ ሲያስገባ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በትክክል ነግሯታል፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አልነገራትም። እንደ ዕድል ሆኖ ደውላ አብረን ስንፈታው ቀኑ ገና አላለፈም ነበር።

እንግዲህ ከሰላምታው ወዲያ ያለው ሰዋስው እንደዚህ ያለው ነው። አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ይህን ክፍል የሚፈሩት «ከባድ ነው» ስለሚባል ነው። ለማን ነው የከበደው? የምንማርባቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ስለዚህ ለእንግሊዝ ልጅ የሚከብደውን «ከባድ» ብለው ይነግሩናል፤ እኛም ተቀብለን እንፈራለን። እኔ የምለው፥ ከነዚህ ከባድ ከተባሉት ነገሮች መካከል ጥቂት የማይባሉት ለአማርኛ ተናጋሪ የተዋወቀ ቤት ናቸው።

ለምሳሌ የግሥን ቦታ እንመልከት። «ኢክ ኻ ሞርኸን ናር ስኾል» ማለት «እኔ ነገ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ማለት ነው። (በላቲን ፊደል «ጂ» ተብሎ የሚጻፈውን የሆላንዶች ድምፅ በ«ኸ» ጽፌዋለሁ፤ እነሱ ከጕሮሮ ጠለቅ አድርገው ያወጡታል።) እዚህ ላይ ግሡ «ኻ» ከባለቤቱ ቀጥሎ በሁለተኛው ቦታ ተቀምጧል። ቃሉ ለውጥ ሲያገኝና «ነገ» በመጀመሪያ ሲመጣ ግሡ ከሁለተኛው ቦታ አይነቃነቅም፤ ባለቤቱ ራሱ ወደ ኋላ ይሄድለታል፤ «ሞርኸን ኻ ኢክ ናር ስኾል»፤ ቃል በቃል «ነገ እሄዳለሁ እኔ ወደ ትምህርት ቤት» እንደ ማለት። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው፤ አማርኛችን እዚህ ላይ አይረዳንም፤ በልምምድ ብቻ የሚገኝ ነው። ክበባችን እስከዚህ ደርሷል።

አሁን «ስለምሄድ» እንበል። «ኦምዳት ኢክ ሞርኸን ናር ስኾል ኻ»። ግሡ ወዴት ሄደ? ወደ መጨረሻው ወረደ! ቃላቱን አንድ በአንድ ብታስቀምጧቸው «እኔ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ስለምሄድ» ከሚለው ከአማርኛው ተራ ጋር ይገጥማሉ። ልዩነቱ የእኛ «ስለ» በግሡ ላይ ሲለጠፍ የእነሱ «ኦምዳት» ፊት ለፊት ቆሞ በሩን መክፈቱ ብቻ ነው። ለእንግሊዝ ልጅ ይህ መከራ ነው፤ በእሱ ቋንቋ ግሡ ከባለቤቱ አጠገብ ሆኖ የቀረው ሁሉ ከኋላ ስለሚከተል፥ እስከ መጨረሻው ግሡን በአፉ ይዞ መጠበቅ አለበት። እኛ ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ግሡን እስከ መጨረሻው ይዘን ስንጠብቅ የኖርን ነን። አማርኛ ተናጋሪ ወሬ ሲሰማ ሰውየው በላ ወይስ አልበላ፥ መጣ ወይስ ቀረ፥ የሚያውቀው በመጨረሻው ቃል ነው። ይህን ትዕግሥት ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም።

ይህም ብቻ አይደለም። «ትናንት በቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አንብቤያለሁ» ስንል «አንብቤያለሁ» የተባለው ቃል «አንብቤ» እና «አለሁ» ተጣብቀው የተሠራ ነው። ዋናው ግሥ ይቀድማል፤ ረዳቱ ይከተላል። ሆላንዶችም በጥገኛው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «ኸሌዘን ሄብ» ማለት ይችላሉ፤ «ኸሌዘን» ዋናው፥ «ሄብ» ረዳቱ፤ ልክ እንደ «አንብቤ» እና እንደ «አለሁ»። ገልብጠው «ሄብ ኸሌዘን» ቢሉም ስሕተት የለበትም፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የሚቀናውን ይዞ ቢሄድ የሚነቅፈው የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምቾት እያለን በተግባር የማየው ምንድን ነው? ጓደኞቻችን «ኦምዳት»ን ሸሽተው «ዋንት» በሚለው ቃል ይሸሸጋሉ። «ዋንት» ማለትም «ምክንያቱም» ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ዐረፍተ ነገር ግን ተራው አይለወጥም፤ ስለዚህ ደኅና መደበቂያ ነው። እኅቴም ብዙ ጊዜ በዚህ ቃል ስትኖር እንደነበረች ነግራኛለች። ችግሩ «ስለ»ን በ«ዋንት» ቢሸሹት፥ «ሲሆን»ን፥ «ቢሆንም»ን፥ «እንዲሆን»ን፥ «እስኪሆን»ን በምን ይሸሿቸዋል? እነዚህ ሁሉ ግሡን ወደ መጨረሻው የሚያወርዱ ናቸው። ሰው በአጭር በአጭሩ እየቈረጠ «ታመምኩ። አልመጣሁም። ሐኪም ነበረ።» እያለ መኖር ይችላል። ነገር ግን «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው ስላደረ፥ ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ ወደ ትምህርት ቤት አልልከውም» ለማለት የሚፈልግ ሰው በቍርጥራጭ አይሆንለትም።

ሌላው የሚፈራው ነገር «ኤር» የምትባለዋ ቃል ናት። እንግሊዝኛ የሚናገር ተማሪ ሁሉ ይማረርባታል፤ መጻሕፍቱም ገጽ በገጽ ያብራሯታል። ሥራዋ ብዙ ነው፤ ቦታን ታመለክታለች፤ «አለ» ለማለት ትረዳለች፤ «ሦስት አሉኝ» ሲባል «ኢክ ሄብ ኤር ድሪ» ተብሎ የተቈጠረውን ነገር ትተካለች። ከሁሉም የምታስቸግረው ግን ከመስተዋድድ ጋር ስትጣበቅ ነው፤ «ኤሮፕ»፥ «ኤርሜ»፥ «ኤራን»። እኔ አንድ ቀን ስለዚህች ቃል ሳነብ «ይህስ የእኛው ‹በት› አይደለም እንዴ?» አልኩ። ተመልከቱ፤ ስለ ወንበር እየተነጋገርን «ኢክ ዚት ኤሮፕ» ቢባል «ተቀምጬበታለሁ» ነው። ስለ ብዕር «ኢክ ስኽራይፍ ኤርሜ» ቢባል «እጽፍበታለሁ» ነው። ስለ አንድ ሥራ «ኢክ ዌርክ ኤራን» ቢባል «እየሠራሁበት ነው»። «ኢክ ሬከን ኤሮፕ» ደግሞ «እተማመንበታለሁ»። እኛ በግሡ ላይ የምንለጥፈውን እነሱ ለብቻው ያቆሙታል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሦስት ገጽ የፈጀበትን በአማርኛ በአንድ መስመር ማስረዳት ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። የእኛ «በት» ለሰውም ለዕቃም ይሆናል፤ «ፈረደበት» እንላለን። የእነሱ «ኤር» ግን በዚህ ሥራዋ ለዕቃና ለነገር እንጂ ለሰው አትሆንም፤ ለሰው ሲሆን «ኦፕ ሄም» ማለት ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ የበለጠ ያስደሰቱኝ ግን ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፤ መዝገበ ቃላት የማያውቃቸው፥ በንግግር ውስጥ እንደ ጨው የሚነሰነሱት። «ኮም ኤንስ ሂር» ማለት «እስቲ ና ወዲህ» ነው። «ዳት ዌት የ ቶኽ» ማለት «ታውቀዋለህ እኮ» ነው። «ዋኽት ኤቨን» ማለት «አንዴ ቈይ» ነው። እንግሊዝኛ ለ«እስቲ» እና ለ«እኮ» ደኅና ምትክ የለውም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ በኩል የሚማር ሰው እነዚህን ቃላት «ትርጕም የላቸውም» ተብሎ ያልፋቸዋል። ትርጕም እንዳላቸው ማንኛውም የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል! «ና» እና «እስቲ ና» አንድ አይደሉም። ሆላንዳዊው «ኻ ማር ዚተን» ሲል «ግድ የለም፥ ተቀመጥ» ማለቱ ነው፤ «ማር» ግን በሌላ ቦታ «ግን» ማለት ስለሆነ፥ ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው «ግን ተቀመጥ» ብሎ ይደነግጣል።

የስም ጾታ ነገር ደግሞ አለ፤ እዚህ ላይ ማንንም አላጽናናም። ሆላንድኛ ስሞቹን በ«ደ» እና በ«ሄት» ይከፍላል። «ደ ስታት» ከተማው ነው፤ «ሄት ሃይስ» ቤቱ ነው። (የ«ሃይስ»ን ትክክለኛ ድምፅ ፊደላችን አይዘውም፤ ቅርቡን ጻፍኩት።) ብዙ ተማሪዎች «ደ ብልም ሄት ብልም ሰው ይገባዋል» ይላሉ። እውነት ነው፥ ይገባዋል። ነገር ግን ይህ አንድ ምርጫ በአንድ ቦታ አይቀርም። «ይህ ቤት» ሲባል «ዲት ሃይስ» ነው፤ «ይህ ከተማ» ሲባል «ዴዘ ስታት» ነው። «ቤታችን» «ኦንስ ሃይስ»፥ «ከተማችን» «ኦንዘ ስታት»። «አንድ ትልቅ ቤት» «ኧን ኽሮት ሃይስ»፥ «አንድ ትልቅ ከተማ» «ኧን ኽሮተ ስታት»፤ ቅጽሉ እንኳ መጨረሻው ይለወጣል። «የገዛነው ቤት» ለማለት «ሄት ሃይስ ዳት» ተብሎ ሲጀመር፥ «የምንወደው ከተማ» ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ «ደ ስታት ዲ» ይባላል። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ስሙን ከነ«ደ»ው ወይም ከነ«ሄት»ው ያልያዘ ተማሪ፥ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ጊዜ ይሰናከላል። ክበባችን እስከ ዛሬ ስሞችን ያለ «ደ» እና ያለ «ሄት» በዝርዝር ሲያስጠና ኖሯል፤ ይህ መታረም አለበት።

በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሆላንዶች ነገርን ሲያሳንሱ ወይም ሲያቈላምጡ በስሙ መጨረሻ ላይ «የ» ይጨምራሉ፤ «ሃይስየ» ትንሽ ቤት ነው። እንደዚህ የተቈላመጠ ስም በነጠላው ሁልጊዜ «ሄት» ነው፤ ስለዚህም «ማይስየ»፥ ልጃገረድ ማለት፥ ሴት ሆና ሳለች ጾታዋ ገለልተኛ ነው። ይህ የሚያስቃቸው ጓደኞች አሉኝ። እኛስ ምን እናደርጋለን? ቤት ትንሽ ስትሆን «ቤቷ» እንላለን፤ መጽሐፍም ብትወደድ «መጽሐፏ» ትባላለች፤ እናት ወንድ ልጇን በፍቅር «አንቺ» ብላ ትጠራዋለች። እነሱ የወደዱትንና ያሳነሱትን ገለልተኛ ያደርጉታል፤ እኛ ሴት እናደርገዋለን።

ስለ ኀላፊ ጊዜ ብዙ አልናገርም። «ት ኮፍስኺፕ» የሚባል የማስታወሻ ቃል አለ፤ ጥንታዊ የጭነት መርከብ ስም ነው። የግሡ ሥር በዚህ ቃል ውስጥ ካሉት ተነባቢዎች በአንዱ፥ ማለት በት፥ በክ፥ በፍ፥ በስ፥ በኽ ወይም በፕ የሚያልቅ ከሆነ ኀላፊው በ«ተ» ይሆናል፤ ካልሆነ በ«ደ» ነው። «ዌርከን» «ዌርክተ»፤ «ዎነን» «ዎንደ»። «ሌቨን» ሥሩ በ«ቭ» ስለሚያልቅ «ሌፍደ» ይሆናል፤ «ፍ» ሆኖ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከሰዓት በኋላ በአንድ ቍጭ ብሎ የሚጠና ነገር ነው። በጽሕፈቱ በኩል ግን የሆላንድ ልጆች ራሳቸው በ«ደ»ና በ«ተ» ይሳሳታሉ፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2016 ድረስ በየዓመቱ በቴሌቪዥን የቃል ጽሕፈት ውድድር ይደረግላቸው ነበር። እነሱ ከነመጽሐፋቸው ከተቸገሩ እኛ ለምን እናፍራለን?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ አሳብ ልመለስ። በስብሰባው ላይ አንድ ጓደኛዬ «የሆላንድ ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ለምን እንደክማለን?» ብሎ ነበር። እንግሊዝኛ በደንብ ማወቃቸው አይካድም። እኅቴም በሱቅ ውስጥ ትንሽ ስትንተባተብ ወዲያው በእንግሊዝኛ ይመልሱላታል። ነገር ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤቱም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አልመጣም። ደግሞም ሰዎቹ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩት ልክ ተናጋሪው ሰዋስዉ ላይ ሲሰናከል ነው፤ ሰላምታ ላይ ማንም አይሻገርም። ሌላዋ ጓደኛዬ «ስልኩ ይተረጕመዋል» አለች። ደብዳቤውን ይተረጕመው ይሆናል፤ በንግግር ፈተና ላይ ግን ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ሐኪም ቤትም ውስጥ ሕፃን እያለቀሰ ስልክ መጻፍ እንዴት እንደሆነ እኅቴን መጠየቅ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከአንድ መምህራችን የመጣው ነው። እሳቸው «ልጅ በመጀመሪያ አፉን ይፍታ፤ ሰዋስው አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ተማሪ ዝም ይላል» አሉ። በዚህ ላይ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ መሆኑ ትክክል ነበር። የኔ ክርክር ስለ ሦስተኛው ዓመት ነው። አፉን የፈታ ልጅ ዐረፍተ ነገሩን ካላስረዘመ አፉ የተፈታው ለምንድን ነው?

ወላጆችም «ልጃችን ለብሔራዊ ፈተና መዘጋጀት ሲገባው በማንም በማይናገረው ቋንቋ ጊዜውን ያጠፋል» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። የእኔም አባት ከነሱ አንዱ ናቸው። ለአባቴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ በአማርኛ ትምህርት «ጥገኛ ዐረፍተ ነገር» እና «ረዳት ግሥ» የሚባሉትን ለብዙ ዓመታት ተምሬ ለፈተና ብቻ በቃሌ እይዛቸው ነበር፤ «አንብቤያለሁ» ከሁለት ቃል መሠራቱን ልብ ያልኩት ግን «ኸሌዘን ሄብ» የሚለውን ባየሁ ጊዜ ነው። አባቴ ለጊዜው ዝም ብለዋል።

«ሰዋስው የሊቃውንት ሥራ ነው፤ የተማሪ ክበብ ምን አገባው?» ለሚሉም አንድ ነገር ልጨምር። የሆላንድኛ ቋንቋ የመጀመሪያው የታተመ ሰዋስው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1584 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያዘጋጀው በአምስተርዳም የነበረ «ደ ኤኽለንቲር» የተባለ የቅኔ ወዳጆች ማኅበር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ክበብ ነው። ያን ጊዜ ሊቃውንት በአብዛኛው በላቲን ይጽፉ ነበር። የእኛም የአማርኛ ሰዋስው በአውሮፓ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1698 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ሲሆን፥ ጸሐፊው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ይሁን እንጂ መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአገራችን መነኵሴ ነበሩ። ሁለቱ በሮም እ.ኤ.አ. በ1649 ተገናኙ፤ ሉዶልፍም ቋንቋውን ከአገሩ ሰው ከራሳቸው ተማረ። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ መንገድ ነው፤ በሦስተኛ ሰው በእንግሊዝኛ በኩል መዞሩ ቀርቶ ሆላንድኛውን በቀጥታ ከአማርኛው ጎን ማስቀመጥ።

ስለዚህ ለክበቡ የማቀርበው አሳብ እንዲህ ነው። በሚመጣው ዓመት አዲስ ቋንቋ ለመጀመር የሚፈልጉ ይጀምሩ፤ አልከለክላቸውም። ለቀሩት ግን ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ይተውላቸው። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ የጥገኛው ዐረፍተ ነገር ተራ፥ ቀጥሎ ተከፋይ ግሦችና «ተ»፥ ከዚያ «ኤር» ይጠና፤ የቀረው በኋላ ይደርሳል። ከአማርኛ መምህሮቻችን አንዱ፥ ሆላንድኛ ባያውቁም እንኳ፥ አብረውን ቢቀመጡ ከመጽሐፉ ይልቅ የሚጠቅሙን እሳቸው ናቸው፤ አንዱን መምህር አነጋግሬ «ከሻይ ጋር ከሆነ እመጣለሁ» ብለውኛል።

እኔ ራሴ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለሆንኩ በሚመጣው ዓመት በዚህ ግቢ ውስጥ አልገኝም። ሦስት ዐምድ ያለው አንድ ደብተር ግን ለቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ አስረክቤያለሁ፤ በመጀመሪያው ዐምድ የሆላንድኛው ዐረፍተ ነገር፥ በሁለተኛው ቃል በቃል ትርጕሙ፥ በሦስተኛው የአማርኛው አባባል ተጽፎበታል። እስከ አሁን አርባ ሰባት ገጽ ሆኗል። የቀሩት ገጾች ባዶ ናቸው፤ መጻፍ ለሚፈልግ ሁሉ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።